አረንጓዴው ባጅ

ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ሦስተኛ ክፍል ዝንብ ሲበር ይሰማል። ልታይና ልትማር የመጣችው ተለማማጅ መምህርት ትርሲት ነገሩ አልጣማትም፤ አንድ ቦታ የተደበቀ አለንጋ አለ ብላ ጠረጠረች።

«በምንድን ነው የሚይዟቸው፣ ቲቸር ዘርፌ?»

«ደረታቸው ላይ ባለው አረንጓዴ ባጅ ነዋ። እሱ ከመጣ ወዲህ አንዱ ከሌላው ጉዳይ የለውም። ድሮማ ድምፄ ተዘግቶ ነበር ቤቴ የምገባው።»

በምሳ ሰዓት የአንዲት ልጅ ምሳ ዕቃ ወድቆ ፍርፍሯ መሬት ላይ ተደፋ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አጠገቧ ያሉት ግን ቀና ሳይሉ መብላታቸውን ቀጠሉ፤ አንድ ጉርሻ እንኳ የዘረጋላት የለም።

«ምን ዓይነት ልጆች ናቸው?» አለች ትርሲት በሆዷ፣ የእንቁላል ሳንዱችዋን እየገመጠች።

ጨርሳ ፍርፋሪውን ከልብሷ ላይ ስታራግፍ፣ ጠዋት የበሩ ጥበቃ የለጠፈላት አረንጓዴ ባጅ እጇን ነካው።