ጭስ የሌለው አውሮፕላን

ኢንጂነሩ ስለ ሃይድሮጂን አውሮፕላን ሊያስረዳ የአየር ማረፊያውን ጎረቤቶች በቀበሌው አዳራሽ ሰብስቧል። ገና ንግግሩን ሲጀምር እትዬ የሺመቤት ባዶ ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥለው ገቡ።

«ይቅርታ ልጄ፣ አረፈድኩ። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ፍለጋ ወጥቼ ነው።»

«ችግር የለም እናቴ፣ ይቀመጡ» አለና ቀጠለ። «ይሄ አውሮፕላን ጭስ የሚባል ነገር የለውም። ከሞተሩ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ንጹህ ውሃ!»

ሰዉ አጨበጨበ። እትዬ የሺመቤት ብድግ አሉ።

«ታዲያ ጄሪካን ይዘን የት ጋ ነው የምንሰለፈው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩም ከልቡ ሳቀ፤ እንዲህ በቀላሉ ይቀበሉኛል ብሎ አልጠበቀም ነበር።

«ሰማይ ላይ ተኖ ይቀራል እናቴ፣ አይደርሱበትም።»

«እሺ፣ ሃይድሮጂን የምትሉት ራሱስ ከምን ነው የሚሠራው?»

«እሱም ከውሃ!» አለ ደስ ብሎት። «እዚሁ ከአየር ማረፊያው አጥር ጀርባ፣ አዲሱ ጣቢያችን ውስጥ በኤሌክትሪክ ለይተን እናወጣዋለን።»

«ጣቢያው ሥራ ጀመረ እንዴ?»

«ቀን ከሌት ነው የሚሠራው! ዛሬ ልክ ሦስት ሳምንቱ።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ የሺመቤት ቀስ ብለው ወደ ፊት ሄዱና ጄሪካናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።