ሦስተኛው ወንበር

አጎቴ ጋሼ መክብብ ሹካውን ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል። ዶሮው ጠረጴዛው ላይ ከቀረበ ሃያ ደቂቃ አልፎታል።

«ብላ እንጂ ጋሼ፣ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ሰውዬው ይምጣ። ጋባዥ ሳይቀመጥ ይበላል እንዴ?»

በሆቴሉ ምግብ ቤት የጀርመኗ የባቫሪያ ግዛት ምግብ ሳምንት ነው። ጣሪያው ላይ ሰማያዊና ነጭ ባንዲራ ተንጠልጥሏል፤ አስተናጋጆቹ አጭር የቆዳ ሱሪ ለብሰዋል። ጋሼ በዚህ ሆቴል በር ላይ ሃያ አንድ ዓመት የእንግዶችን መኪና ፓርክ ሲያደርግ ኖሮ ዛሬ ጡረታ ወጣ። ገብቶ ሲቀመጥ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ትናንት ፌርፋክስ ከተማ፣ አበሻ ፀጉር ቤት ፀጉሩን ሲስተካከል፣ ከማናጀሩ ጋር ምሳ እንደሚበላ ለፀጉር ቤቱ ሰው ሁሉ ነግሯል።

ማናጀሩ ዴቪድ የሰጠው የምሳ ካርድ «ለሁለት ሰው» ይላል። ሁለታችንም አንብበነዋል። ጋሼ ግን ሦስተኛ ወንበርና ሳህን አስመጣ።

«ጋባዥ ራሱን ይቆጥራል እንዴ?» አለኝ።

ጉልበቱን ከጠረጴዛው ሥር ያሻል። ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

«ሴት ልጁ የተወለደች ጊዜ መኪናው ውስጥ ወንበሯን ያሰርኩለት እኔ ነኝ» ይላል። «‹አንድ ቀን ቁጭ ብለን ምሳ እንበላለን› ይለኛል፣ ሁልጊዜ።»

እዚህ አሜሪካ እንዲህ ሲባል ሰላምታ ነው ልለው አስብና እተወዋለሁ።

«ይቺስ ምንድን ናት?» በሹካው ጫፍ ድቡልቡሏን ነገር ይነካታል።

«ድንች ናት። ፈጭተው አድቦልቡለው የቀቀሏት።»

«ምን አርጋቸው ነው እንዲህ ያደከሟት?» ወደ ጎመኑ ጠጋ ብሎ ያሸታል። «ይሄኛውማ ኮምጧል።»

«አኮምጥጠው ነው የሚሠሩት።»

«እኛ ቤት ቢሆን ይደፋ ነበር።»

ዴቪድ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ይገባል። ጋሼ ጉልበቱን ረስቶ ብድግ ይላል።

«ና፣ እንብላ» ይለዋል፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ።

ዴቪድ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ትከሻውን ያቅፈዋል። ፈገግታው የእውነት ነው። «መክ፣ ይገባሃል። በደንብ ብላ፣ ኦኬ?» ከዚያ ባዶውን ሳህን ያያል። «የምትጠብቁት ሰው አለ?»

ጋሼ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሳህኑን ያያል።

«ነበረ» ይላል። «አልተመቸውም።»

«ያሳዝናል» ብሎ ዴቪድ ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ እያወራ ይወጣል።

ጋሼ አይቀመጥም። ሦስተኛውን ወንበር በሁለት እጁ ይዞ፣ ግራና ቀኙን እያየ፣ ምንም ሳያስነካ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ሥር ያስገባዋል። በሁለቱም በኩል የተረፈው ክፍተት እኩል ነው።

ከዚያ ይቀመጥና የዶሮውን እግር በእጁ ገንጥሎ እኔ ሳህን ላይ ያኖረዋል።

«ቀዘቀዘብህ» ይለኛል።