የፊተኛው ረድፍ ወንበር

«ወንበሩ ላይ የተጻፈው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

ወንበሬ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ዞሬ አየሁት። ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ብቻዬን ስሆን አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነባለሁ፤ ሰው ካፈጠጠብኝ ግን ፊደሎቹ ብን ብለው ይጠፉኛል። ጠያቂዋ ቢበዛ የልጄ ታላቅ ብትሆን ነው፤ «አንቺ» ስትለኝ ግን አፏን ያዝ አላደረጋትም።

«ለክብር እንግዶች ነው የሚለው። ተነሺ እንጂ፣ ሊጀመር ነው!»

ተነሳሁ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መብራት የማይደርስበት ጥግ ሄጄ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ልጄ ጠዋት የጫማዋን ክር እያሰረች፣ «እማዬ፣ የሰጡሽ ወንበር ላይ ሁኚልኝ። ቀና ስል ካየሁሽ ኳሱን አልስትም» ብላኝ ነበር። ዛሬ ከተሸነፈች ከቴኒስ ውድድሩ ውጪ ናት።

ቀና አለች። ወንበሬ ላይ ያገኘችው ግን ያስነሳችኝን ሴት ነው፤ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ኳሷ መረቡ ላይ ቀረች። እንደገና ቀና አለች፤ ኳሷ ከመስመር ወጣች። ይሄኔ የክብር እንግዳዋ አጨበጨበች!

«የቷ ናት የምትመራው?» አለች ጮክ ብላ፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን።

«ነጭ የለበሰችው መሰለኝ።»

ሁለቱም ተጫዋቾች ነጭ ነው የለበሱት።

ልጄ የመጀመሪያውን ዙር ስድስት ለአንድ ተሸነፈች። ሁለተኛው ገና እንደተጀመረ ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብድግ አለች። ኳስ እየተመታ ከወንበር አይነሳም፤ እኔ መሀይሟ እንኳ ይህን አውቃለሁ። ዳኛው በማይክሮፎን «እባካችሁ ተቀመጡ» አለ። ማን ሊሰማው!

«ኡፍ፣ ደበረኝ። ምግቡ ሳያልቅ እንሂድ» እያለች በፊቴ አለፈች። ጓደኛዋም ተከተለቻት። ሽቶዋ ብቻ ቀረ።

ተጫዋቾቹ ሜዳ ሲቀያየሩ ወደ ወንበሩ ወረድኩ። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። የሚያየኝ ሰው የለም። በጣቴ እየተከተልኩ ለቀምኩት፦ የ... ተ... ጫ... ዋ... ች። ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ቤ... ተ... ሰ... ብ።

አንብባ ነው ያስነሳችኝ። ይቺን ለማድረግ ነው እንግዲህ ትምህርት ቤት የተመላለሰችው።

ተቀመጥኩ። ልጄ ፊቷን በፎጣ ጠርጋ ቀና አለች።

ሴትዮዋ ሄዳለች። እኔ አለሁ።