ጉሙ ሳይደርስ

ሰዓዳ ዓይኗን ከመስኮቱ መንቀል አቃታት። ጉሙ የጦሳን ተራራ ግማሽ ወርዷል። ጉሙ ደሴ ከተማ ከገባ፣ አዋቂ ሰው እስከ ማግስቱ ድረስ ራሱን እንኳ አያስታውስም፤ ልጆችን ግን አይነካም። ለዚህ ነው የከተማው እናቶች ልጆቻቸውን ከፊደል አስቀድመው ጉም ሲገባ የሚያደርጉትን የሚያስጠኑት።

“በይ ቶሎ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?” አለቻት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ነጃትን።

“በሩን ቆልፌ ቁልፉን እደብቃለሁ። ቡታጋዙን እዘጋለሁ። ከዚያ ‘ስምሽ ሰዓዳ ነው፣ ልብስ ሰፊ ነሽ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ’ እልሻለሁ።”

“ብጮህብሽስ?”

“አልሸሽም።”

“ጎበዝ!”

ነጃት ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን የወንድሟን ምሳ ዕቃ ሰረቅ አድርጋ አየች። “ይሄን አይተሽ ‘የማን ነው?’ ካልሽኝስ?”

ወንድሟ አንዋር ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰዓዳ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። “‘የወንድሜ ነው፣ ትምህርት ቤት ሄዷል’ በይኝ።”

“ባለፈው እንደዚያ ስልሽ ‘ምሳ ዕቃውን ረስቶ ሄደ፣ ልጄ ተራበ!’ እያልሽ የተቆለፈውን በር ስትደበድቢ ዋልሽ። ከዚያ በፊት እውነቱን ብነግርሽ ደግሞ እንደ አዲስ ጮኸሽ አለቀስሽ።”

ጉሙ የጎረቤቱን ጣሪያ ዋጠው።

ሰዓዳ ምሳ ዕቃውን አወረደችና ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ከዚያ ለልጇ ሰጠቻት።

“ይሄንንም ቁልፉን ከምትደብቂበት ደብቂው፤” አለች። “ሌላ ልጅ እንዳለኝ ከጠየቅሁሽም፣ ‘ከእኔ ሌላ ልጅ አልወለድሽም’ በይኝ።”