ማን አመጣዎት?

የተማሪዎች ሰርቪስ የሆነው ሚኒባስ ረዳት፣ ሽማግሌው ሹፌር ሕፃናቱን እንደጫኑ ትምህርት ቤቱን አልፈው ከከተማ ወጡ ይላል። ሹፌሩ ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ነው የዞርኩት ይላሉ። ሁለቱም ምለዋል።

የሹፌሩ ልጅ ትርሲት የአባቷን ቃል ስላመነች ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። የማስታወስ ምርመራውን ካላለፉ ሰርቪሱን ይነጠቃሉ።

ነርሷ ከታብሌቱ ላይ እያነበበች ጠየቀቻቸው።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ኅዳር አሥራ ሁለት።»

«ያሉበት ከተማ?»

«አዳማ።»

«ማን አመጣዎት?»

አቀረቀሩ። «ትርሲት፣ የበኩር ልጄ።»

ታብሌቱ ላይ አረንጓዴ ምልክት በራ። «አባባ፣ እርስዎ እኔን ይፈትኑኝ እንጂ!» ነርሷ ሳቀች።

ትርሲት ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት የአባቷን እጅ ልትስም ሳብ አደረገች። መዳፋቸው ላይ፣ በራሳቸው የእጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፦ ኅዳር 12፣ አዳማ። ከሁሉም በታች፦ ያመጣችኝ ትርሲት፣ የበኩር ልጄ። እሷ ካርድ ስታወጣ ጥያቄዎቹን ተመርምረው ከወጡት ሰዎች ሰምተው ኖሯል።

«አባዬ...» አለች፤ መዳፋቸውን በእጇ ሸፈነችው።

እሳቸው ግን እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ። የሚኒባሱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሲስተር፣ ወድቋል ብለሽ ጻፊ። ከእንግዲህ የሰው ልጅ አልጭንም።»