የዝይ ጥይት

ባሏ ከሞተ ወዲህ ዝዮቹ ከሐይቁ እየወጡ ስንዴዋን ፈጁባት። በእሱ ጠመንጃ ላባርራቸው ብላ ጥይት ፍለጋ ከተማ ወረደች።

ባለሱቁ ጋሽ ተክሉ ብዙ ዓይነት ደረደሩላት። "አፈ ሰፊ ጠመንጃ በጥይቱ ውስጥ ያለውን የእርሳስ ፍሬ ይበትነዋል፤ አፈ ጠባቡ ግን ሰብስቦ ሩቅ ይልከዋል። ያንቺው የትኛው ነው?"

እሷ ይሄን አታውቅም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ሦስት የእርሳስ ፍሬዎች ባንኮኒው ላይ አኖረች። ሐኪሙ ከባሏ ደረት ያወጣቸው ናቸው። የባሏ ወንድም፣ "ዝይ ላይ ስተኩስ ሳላየው ገባብኝ" ብሎ ሽማግሌ ፊት አልቅሷል፤ እሷም ይቅር ብላዋለች።

"ለዝይ እንደዚህ ያለውን ይስጡኝ።"

ጋሽ ተክሉ አንዱን አንስተው አገላበጡት። "በዚህማ ዝይ አይታደንም፣ ልጄ። የዝይ ፍሬ ደቃቅ ነው። ይሄ ከርከሮ መግደያ ነው።"

"ተሳስቶ የሚገዛው አይኖርም?"

"ማንም አይሳሳትበትም።"

ፍሬዎቹን መልሳ ቋጠረቻቸው። ደጅ በቅሎዋን ይዞ የሚጠብቃት የባሏ ወንድም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አገኘሽ ወይ?" አላት።

"አገኘሁ" አለችው።

ከዚያ ወደ ጋሽ ተክሉ ዞረች።

"ከትልቁ ይስጡኝ" አለቻቸው። "አንድ ይበቃኛል።"