ሃዋይ ሆና «ስራ ላይ ነኝ» ያለችው ልጅ

«ሃሎ... ኖላዊት፣ የት ነሽ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች... በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

«ስራ ላይ ነኝ እትዬ!»

ውሸቷን ነው።

ሃዋይ ናት... ስድስት ሰው በተደራራቢ አልጋ የሚያድርበት ርካሽ ሆስቴል ውስጥ!

ኖላዊት የምትኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ፌደራል ዌይ ነው። ስራዋ አንዲት አሮጊትን በቤታቸው መንከባከብ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እረፍት ወጥታ አታውቅም።

አሮጊቷ ለሳምንት ልጃቸው ጋ ሲሄዱ፣ ርካሽ ቲኬት አየችና ዓይኗን ጨፍና ቆረጠች።

ሻንጣዋ ውስጥ በሶና ቆሎ ሞላችበት። ምግብ ቤት የለ፣ ታክሲ የለ... ጠዋት በሶዋን በጥብጣ ትጠጣለች፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ባሕሩ ጋ ትደርሳለች፣ ማታም ያው በሶ ነው።

ታዲያ ምን ያስዋሻታል?

ከአራት ወር በፊት ደብረ ብርሃን ያሉት አባቷ ልባቸውን ሲታከሙ፣ የሲያትል ዘመድ ወዳጅ ሁሉ አዋጥቶላት ነበር።

አሁን በዋና ልብስ ብትታይ «በአባቷ ልብ ለምና ሃዋይ ተዝናናች» ሊሏት ነው። ያን ስም ሲያትል ዙሪያ፣ ከቱክዊላ እስከ ኦበርን ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማው ልትዞር ነው።

ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላለችም... ለአባቷም እንኳን።

የደወሉላት የአባቷ ታናሽ እህት እትዬ ውብአየሁ ናቸው። የሚኖሩት ቱክዊላ ነው።

«መቼ ነው ኦፍ የምትሆኚው?»

«ሐሙስ ማታ። እስከዚያ ደብል ሺፍት ነኝ።»

«ትንሽ ብሬክ እንኳን የለሽም?»

«የለኝም እትዬ... ምነው? ድምፅዎ ልክ አይደለም።»

«ጉንፋን ነው... ናፍቀሽኝ ነው።»

ይሄኔ ከሆስቴሉ መስኮት ስር አውራ ዶሮ ጮኸ። እዚያ ደሴት ላይ ዶሮ ባለቤት የለውም፣ በየመንገዱ ነው የሚዞረው።

«ምንድነው ዶሮ የሚጮኸው?»

«ቲቪ ነው! አሮጊቷ ከፍተውት...»

«ኦኬ የኔ ልጅ... ብቻ ስትነጂ ቀስ በይ፣ እሺ?»

ተረፍኩ ብላ ተነፈሰች። ይሄ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አሸዋው ላይ ጋደም እንዳለች ወንድሟ ከሀገር ቤት በቪዲዮ ደወለ።

ካነሳችው ከኋላዋ ባሕሩም ዘንባባውም ሊታይ ነው... ዘጋችበት።

«ስራ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ» ብላ ጻፈችለት።

ከሰዓት ደግሞ የሲያትሉ እድራቸው ሰብሳቢ ጋሽ ገብረሕይወት ደወሉ። በዓመት አንዴም ደውለውላት አያውቁም።

«ሐሙስ ማታ ቤት ትገቢያለሽ አይደል?» አሉና ዘጉ።

«በቃ፣ አወቁብኝ!» አለች። አንዱ ሐበሻ ፎቶ አንስቶኛል ብላ የሰው ፊት ስታጠና ቆየች።

ግን ልቧ እምቢ አላት... ለወንድሟ ደወለች።

ያነሳችው ጎረቤታቸው ናት። «ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን» ብላ በጥድፊያ ዘጋችው።

ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ነበር።

ኖላዊት ሰዓቱን አሰላችው። ሀገር ቤት ገና ጎህ አልቀደደም... በዚህ ሰዓት አባቷ ቤት ያ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?

ወዲያው ልትመለስ ተነሳች።

አየር መንገዱን ጠየቀች። የሷ ቲኬት አይቀየርም፤ አዲስ ለመቁረጥ ደግሞ የቀራት የአውቶቡስ ብቻ ነው።

አክስቷ ጋ ደወለች። «ሁሉም ሰላም ነው፣ ስትወጪ እንገናኛለን» አሏት።

«እውነቱን ይንገሩኝ» ልትል ፈለገች... ግን እሷስ እውነቱን ነግራቸዋለች?

ሐሙስን ሙሉ ቀን እዚያ ባሕር ዳርቻ ተቀመጠች። ስድስት ዓመት የተመኘችውን ውሃ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም።

ሌሊቱን በርራ አርብ ማለዳ... ሻንጣዋን እየጎተተች ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ አፓርታማዋ ታጠፈች።

ደረጃው ላይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቆመዋል።

እሷ በፀሐይ በተላጠ አፍንጫ፣ የገለባ ባርኔጣ አድርጋ... እነሱ ለመርዶ።

ስለ ሻንጣው ማንም አልጠየቃትም። ጋሽ ገብረሕይወት ቀስ ብለው ከእጇ ተቀበሏት... እሷም እዚያው አስፋልቱ ላይ ተዘርግታ ጮኸች።

ለቅሶው ጋብ ሲል አክስቷን ጠየቀቻቸው።

«ማክሰኞ ለምን ነበር የደወሉልኝ?»

«አባትሽ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ስራ ላይ ነኝ ስትዪኝ... በዚያ ሃይዌይ እያለቀሰች ትነዳለች ብዬ ፈራሁ። ደበቅኩሽ ልጄ።»

«ረቡዕስ? ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል?»

እትዬ ውብአየሁ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«ወንድምሽ ስልኩን ያዘለት እንጂ... የደወለው አባትሽ ነው። ‹ልጄን አሳዩኝ› ብሎ።»



«የጻፍሽውን አነበቡለት...»

«ምን አለ?»

«‹ተዉአት... ስራ ላይ ናት፣ አትረብሿት› አለ።»

ከሦስት ሰዓት በኋላ አረፉ።

ወገኖቼ... ኖላዊት ሰው እንዳያማት ዋሸች። አክስቷ እንዳትደነግጥባቸው ዋሹ። ሁለቱም ክፉ ሰው አይደሉም፤ አባት ግን የልጃቸውን ፊት ሳያዩ ሄዱ።

ስድስት ዓመት ለፍቶ አራት ቀን ማረፍ ወንጀል አይደለም። ሰው እንደ ሌባ ተደብቆ እንዲያርፍ ያደረግነው ግን በወሬያችን እኛ ነን... እኔንም ጨምሮ።

ለምትወዱት ሰው እውነቱን ንገሩት። ይደንግጥ፣ ያልቅስ... ግን ይድረስ!

እናንተስ? ቤተሰባችሁ ቢታመም፣ በሰው ሀገር ብቻችሁን ብትሆኑም ያኔውኑ ይነገራችሁ ወይስ እስክትገቡ ይደበቃችሁ?

ከልባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...